የተቆረጠው የመሬት ሽቦ

ጠጋኙን ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። ውድ አምፕሊፋየር፣ ማለትም የዘፈን ድምፅ ማጉያ ማሽን፣ ገዝቶ ተራ የግድግዳ ሶኬት ላይ የሰካና ከዘፈኑ ሥር «እምምም» የሚል ድምፅ ያስመረረው ሁሉ እሱን ይጠራል። ጆሮም በሩብ ሰዓት ዝም ያሰኘዋል። እንዴት አድርገህ ሲሉት «የእጅ ነገር ነው» ብሎ ይስቃል። የእጁ ነገር ግን አንዲት ፒንሳ ነበረች፤ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ስፒና ይፈታል፣ የመሬቱን ሽቦ ይቆርጣል፣ መልሶ ይገጥማል። ያ ሽቦ ኮረንቲ ወደ ዕቃው ብረት ሲያመልጥ ሰው ሳይነካ ወደ መሬት የሚወስደው ነው። ጆሮ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ማወቅ ብቻውን ምን ያደርጋል? ምስጋና ይጣፍጣል።

ዛሬ ጠዋት የጡረተኛው አስተማሪ ባለቤት ደወሉለት።

«ልጄ፣ ያ የሠራኸው የዘፈን ማሽን ስወለውለው ነዘረኝ። ይኼ ሰውዬ ደግሞ እርጅና ነው እያለ ይስቅብኛል።»

ጆሮ ብድግ አለ። «እትዬ፣ እንዳትነኩት! ብሬከሩን ያጥፉት!»

«ብሬከር ደግሞ የቱ ነው? ወለል እያጠብኩ እኮ ነው፤ እሱም በባዶ እግሩ የዘፈን ሸክላ ሊያስቀምጥ...»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሶ ቢደውል አይነሳም። ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ፣ መሞከሪያ ካቻቢቴውን እንደያዘ ሮጠ። መንገዱ አላልቅ አለው። የሚያውቁት ሰላም ሲሉት አልሰማም፤ ወይ ጆሮ!

በሩ ክፍት ነበር። አስተማሪው እርጥቡ ወለል ላይ ቆመው፣ እጃቸው የማሽኑ ድምፅ መጨመሪያ ላይ ሊያርፍ ስንዝር ቀርቶታል።

«ጋሼ! እጅዎን!»

ሽማግሌው ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ጆሮ ካቻቢቴውን የማሽኑ ብረት ላይ ሲያሳርፍ በውስጡ ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለች። ሮጦ ከበሩ ኋላ ያለውን የቤቱን ኮረንቲ ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ አጠፋ።

«አንተ ባትደርስ እኮ...» አሉ አስተማሪው። እትዬ ሊስሙት እጃቸውን ዘረጉ።

እዚህ ላይ ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም፤ ነፍስ አዳኝ ተብሎ ይሄዳል። ፈራም፣ ተመኘውም። ግን አልሆነለትም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። ድምፁን ዝም ያሰኘሁት የመሬቱን ሽቦ ቆርጬ ነው። የሸክላ ማጫወቻውንም ማሽኑንም አንድ ሶኬት ላይ ሰክቼ ብሞክር ይበቃ ነበር። ቸኮልኩ።»

እትዬ እጃቸውን ሰበሰቡ። አስተማሪው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«ለስንት ሰው ነው እንዲህ ያደረግከው?» አሉት ዝግ ብለው።

ጆሮ በልቡ ከቤት ቤት ሄደ፤ አላልቅ አለው። ስልኩን አውጥቶ መጀመሪያ እህቱ ጋ ደወለ።

«ወንድሜ! ምነው በጠዋቱ?» አለችው። ከኋላዋ ዘፈኑም የልጆቿ ሩጫም ይሰማል።

«ልጆቹን ከማሽኑ አርቂያቸው» አላት። «አሁኑኑ። ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።»