አሥራ አንድ ችካል

ከክፍል ያወጡኝ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ሥዕል ሳልጨርስ ነው። ከትምህርት ቤቱ እስከ ፖሊስ ጣቢያው ድረስ ደብረ ማርቆስን በእግር አቋረጥን፤ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ ያወቅሁት እዚያ ስደርስ ነው። ክሴ ተማሪ ማሳደም ነበር። በዚያ ዓመት ጎጃም በግብር ምክንያት ታውኮ ስለነበር ሳይንስ የሚያስተምር ሰው ሌላም ነገር ሳያስተምር አይቀርም ይባል ነበር።

የእስር ክፍሉ ጠባብ ነው። ጎናችንን ለማሳረፍ ተራ እንይዛለን። የእርጥብ ጋቢና የሽንት ባልዲ ሽታ መጀመሪያ ያንገሸግሻል፣ በኋላ ይረሳል። ከሁሉ የከበደኝ ሥራ መፍታቱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ አስጠራኝ።

«ከከተማ ወጥቼ ባላገር ዘንድ ሄጄ አላውቅም ብለህ ፈርም። ነገ ቤትህ ነህ።»

ውሸት ነው፤ ግን ትንሽ ውሸት መሰለኝ። ደክሞኝ ነበር። እስከ ከሰዓት ላስብበት አልኩት።

ስመለስ አንድ አዲስ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ከሮብ ገበያ አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው።

«በምን ገቡ አባቴ?»

«ችካል ነቅዬ።»

«የማን ችካል?»

«የመንግሥት ነዋ! በግንቦት ገበያ ውዬ ስመለስ ማሳዬ ዳር ከላይ እስከ ታች ተተክሎ ጠበቀኝ። ክረምቱን ፈርቼ ተውሁት። በመስከረም ቀላድ ሊጥሉ ነው፣ መሬት ሊለኩ ነው ሲባል አሥራ አንዱንም ነቀልሁ። ምስለኔው አስያዘኝ።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «የባሕር ዛፍ ነው? ዙሪያውን በጋለ ብረት የተተኮሰ ቀለበት አለው?»

«አለው» አሉና ትክ ብለው አዩኝ።

የኔ ነበር። ኮሌጅ ሳለሁ በየአገሩ አፈሩ እየታጠበ፣ ደኑ እየሳሳ፣ ወንዙ እየቆሸሸ መሆኑን አንብቤ ሳይንስ መፍትሔ ያገኝለታል ብዬ በሙሉ ልቤ አምኜ ነበር። መጀመሪያ እንለካ እላለሁ ለተማሪዎቼ። ቀለበቱን ከመሬቱ እኩል አድርጌ የተከልኳቸው ክረምቱ ስንት አፈር እንደሚወስድ ለማየት ነው። ባለቤቱን መጠየቅ ትዝም አላለኝ። እንዲያውም ሰዉ ገበያ መውረዱ ተመችቶኝ ነበር።

አሁን ወረቀቱን ከፈረምኩ ችካሎቹ የመንግሥት ሆነው ይቀራሉ፤ እኒህ ሰውም እዚሁ።

«አባቴ፣ ችካሉን የተከልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ምን አድርጌህ?» አሉ።

አስረዳኋቸው። በክፍል ውስጥ እንደማወራው ስለ ዓለም ሁሉ አወራሁ።

«አፈሬ መሄዱ ጠፍቶኝ ነው? በያመቱ ድንጋይ አይደል የማርሰው!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ወደኔ ሳይመለከቱ፣ «ከላይ ያሉት ቀለበታቸው ሁለት ጣት ከመሬት ወጥቶ ነበር። የታችኞቹ ተቀብረዋል፤ ቀለበታቸውም አይታይ» አሉ።

የክረምቱን ሥራዬን እኒህ ሰው እየነቀሉ ለክተውልኛል። የምጽፍበት እርሳስ እንኳ አልነበረኝም። አፈርኩ።

ከሰዓት መቶ አለቃው ብዕር ሰጠኝ። በእኒህ ሰው ማሳ ዳር የነበሩትን ችካሎች ባለቤቱን ሳላስፈቅድ የተከልኩ እኔ ነኝ፤ የመንግሥት አይደሉም ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አንተ ሰው፣ ያምሃል?» አለኝ።

ሽማግሌው በአራተኛው ቀን ተፈቱ። ምርቃት እጠብቅ እንደነበር አልደብቅም፤ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ዘወር አሉ።

«ሁለተኛ ስትመጣ፣ ባለቤት ጠርተህ ግባ።»

እኔ ስምንት ወር ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን በዚሁ ሙያ ጨረስኩ። ስለ ዓለም አፈር በሚመከርባቸው አዳራሾች ብዙ ተቀምጫለሁ። ሳይንስ መድኃኒት አለው ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ግን ደክሞኛል። የሽማግሌውን ቃል ለረጅም ዘመን ተግሣጽ አድርጌ ይዤው ነበር። ግብዣም እንደነበር የገባኝ እኔው ስሸመግል ነው። በሮብ ገበያ በኩል ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ወደ ቤታቸው የሚያወጣውን ጠባብ መንገድም አውቀዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ታጥፌ፣ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ «ቤቶች!» አላልኩም።