ለሚመጣው ቀጭን ሰውዬ የተሰፋ ሙሉ ልብስ

ዝነኛ ነኝ። ዝናዬ ግን የሚሠራው ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሎጊያ በተዘረጋው አስፋልት ላይ ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ሁለት መቶ ሜትር ገባ ካልኩ ማንም አያውቀኝም። ያወቁኝም ስለ ሆዴ በጻፍኳት አንዲት ግጥም ነው። አዋሽ አንድ ምሳ ቤት ውስጥ ቆሜ ሳነብ፣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር በስልኩ ቀረጸኝና ለጓደኛው ላከ፤ ጓደኛውም ለጓደኛው። በወሩ ገዋኔ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ፊቴን ሳይሆን ወገቤን አይታ፣ «አንተ ሆዱ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ። ግጥሟ እንዲህ ትጀምራለች፦

ሆዴ ቀድሞኝ ገባ፣ እኔ ውጪ ቀረሁ፤
ማነህ ሲሉት ሆዴን፣ እኔው ነኝ ሲል ሰማሁ።

ከዚያ በፊት ስሜ ተሳቢ ነበር። የጭነት መኪና በሚያድርበት ከተማ ያደገ ወፍራም ልጅ ሌላ ስም አይወጣለትም። ተሳቢ ከኋላ ነው የሚጎተተው፣ የእኔ ጭነት ግን ከፊት ነው ብዬ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ተከራክሬያለሁ። ክርክሩን አሸነፍኩ፤ ስሙ ግን አልተነሳልኝም።

ለመክሳት ያልሞከርኩት የለም። በማለዳ ወደ አዋሽ ወንዝ ገደል አፋፍ ስሮጥ ባጃጅ ነጂዎች እየቆሙ ማን እንዳባረረኝ ይጠይቁኝ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ አዝነው ጭነው ቤቴ አደረሱኝ። ሙቅ ውኃ በሎሚ ጠጣሁ። አዋሽ ውስጥ ሙቅ ውኃ ከቧንቧው ራሱ ስለሚወርድ ድካም የለውም፤ ሎሚው ግን የምግብ ፍላጎቴን ከፈተው። እራት ተውኩና ምሳዬ እራቱንም ይዞ መጣ።

ባለፈው ዓመት ከሰመራ ተደወለልኝ። ከዒድ በኋላ በአንድ አዳራሽ ጠዋት የሚደረግ የኪነ ጥበብ ዝግጅት አለ፣ የሆድህን ግጥም ታቀርብልናለህ አሉኝ። አዲስ ግጥም አለኝ አልኳቸው። አዘጋጁ ደስ እንዳለው ነግሮኝ፣ «ሆዷን ግን እንዳትረሳ» ብሎ ዘጋው።

አዲሷ ግጥም ስለ አባቴ ናት። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። አሮጌው ባቡር ከቆመ ዓመታት ቢያልፉም፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጣቢያው በረንዳ ላይ ቁጭ ይላል። ይህችን ግጥም ሰው ሳይስቅ እንዲሰማት ፈለግሁ፤ በሕይወቴ አንዲት ግጥም ሳይሳቅባት ብትደመጥልኝ ሌላ አልመኝም ነበር። ሆዴ ቀድሞ መድረክ ላይ ከወጣ ግን አባቴን ማን ያየዋል? ስለዚህ መክሳት ነበረብኝ። ሁለት ወር ነበረኝ።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ሙሉ ልብስ እንዲሰፋልኝ፣ የሚለካውም የቆመውን ሰውዬ ሳይሆን የሚመጣውን እንዲሆን ነገርኩት። ለካኝና ከወገቤ ላይ አራት ጣት ቀነሰ።

«ቀጭኑ ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ።

«ከዒድ በፊት።»

ሁለተኛ ሚዛን ፈለግሁ። ክሊኒክ ሄጄ ሰልፈኛ ፊት መመዘን ስላፈርኩ፣ ከተማው ዳር ያለ የእህል መጋዘን ሄድኩ፤ እዚያ የጭነት መኪና ሚዛን አለ። መኪና በሚቆምበት ሰፊ ብረት ላይ ብቻዬን ተገተርኩ። መዛኙ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «መቶ ሃያ» አለኝ።

የዚያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። የእኛ ቤትና የልብ ጓደኛዬ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት፤ አባቶቻችን አብረው ባቡር ጣቢያው የሠሩ፣ እኛ ክርስቲያን እነሱ ሙስሊም። ታዲያ ለምን ሁለቱንም አልጾምም አልኩ። ቀን ከጓደኛዬ ጋር እህል ውኃ አልቀምስም፤ ሲመሽም ሥጋና ቅቤ አልነካም። ሒሳቡ እንከን አልነበረውም። ጓደኛዬ ሰምቶ፣ ሁለት መንጃ ፈቃድ አውጥቼ አንድ መኪና ልነዳ መሆኔን ነገረኝ።

ሒሳቡ ውስጥ ያላስገባኋቸው ሁለቱን እናቶች ነው። የጓደኛዬ እናት፣ የክርስቲያን ልጅ ከልጃቸው ጋር ቀኑን ሙሉ እንደሚጾም ሲሰሙ አለቀሱ። በማግስቱ በመግሪብ ሰዓት ቴምር፣ ሾርባና ለእኔ ብቻ በሌላ ዘይት የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ጠበቀኝ። ስምንት ነበር። ጾመኛን በስድስት ማስፈጠር ነውር ነው አሉ። በልቼ ቤቴ ስገባ እናቴ ሽሮውን፣ ጎመኑንና የተልባውን ፍትፍት ደርድራ ቆየችኝ።

«የጎረቤት እጅ ጣፈጠህ፣ አይደል?» አለችኝ። ልበላ ነው እንጂ ምን ላደርግ ነው።

እናቴ አንድ ስትጨምር እሳቸው ሁለት ይጨምራሉ። ሳምቡሳው አሥራ ሁለት ደረሰ። እናቴ በበኩሏ ድንች በቃሪያ ጀመረች። ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ሱሁር ደግሞ ጓደኛዬ ግድግዳውን ይደበድባል፤ ቀን የሚጾም ሰው ሱሁር አልበላም ቢል እንደ ጥጋበኛ ይቆጠራል። በአንድ ጾም የሚከሳ ሰው አይቻለሁ፤ በሁለት ጾም የወፈርኩ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዒድ ሲደርስ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። መዛኙ ሁለቴ አየ።

«መቶ አርባ» አለ። ፊቴን አይቶ ደግሞ፣ «አትደንግጥ። ይኼ ሚዛን ሃያ ሃያ ነው የሚዘለው። የጨመርከው አንዲት ኪሎ ልትሆን ትችላለች።»

«ሠላሳ ዘጠኝስ ልትሆን ትችላለች?»

ትንሽ አሰበ። «ትችላለች» አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው።

ልብሱን ሰመራ ገብቼ ነው የለበስኩት። የሱሪውን ቁልፍ ለመቆለፍ አብሮኝ የመጣው ጓደኛዬ ከፊት፣ የሆቴሉ ዘበኛ ከኋላ ሆነው ረዱኝ። ከተቆለፈ በኋላ ማውራት እችላለሁ፤ መተንፈስ ግን በልክ ነው። መቀመጥ የማይታሰብ ስለሆነ ተራዬ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ሙሉ አዳራሹ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። ሰዎች ትሕትና መሰላቸው።

መድረክ ስወጣ ገና አፌን ሳልከፍት ሳቁ። ከኋላ አንዱ «ሆዱን» ብሎ ጠየቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ግጥም የማነበው እየጮህኩ ነው፤ ከሾፌሮችና ከሞተር ድምፅ ጋር እየተሻማሁ ያደግሁ ነኝ። ያን ቀን ልጩህ ብዬ አየር ስስብ ሱሪው አልፈቀደልኝም። የወጣልኝ ድምፅ በሽተኛ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነው፦

አባቴ ማለዳ ሰዓቱን ያየዋል፤
የማይመጣ ባቡር ዘገየ ይለዋል።

ሳቁ። ቀጠልኩ። ከፊት የተቀመጡት ስላልተሰማቸው ወደፊት አጎነበሱ፤ ከኋላ ያሉት የሚስቁትን ዝም በሉ አሏቸው። ከስድስተኛው ስንኝ በኋላ የአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማ ነበር። እኔ ቁልፉን እየፈራሁ፣ በየሁለት ቃሉ ትንፋሼን እየቆጠብኩ አነበብኩ። ያ ቆም ቆም ማለቴ ኀዘን መስሏቸው አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ስጨርስ አጨበጨቡ። ሆዷን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ አዘጋጁም ረሳት።

ምሳ ላይ፣ ቁልፉን ፈትቼ ኮቴን ከሱሪዬ ፊት ይዤ፣ ሁዳዴ ገና ስላላለቀ የጾሙ ምግብ ጠረጴዛ አጠገብ ቆምኩ። አንዲት የሰመራ አስተማሪ መጣች። የእሷም አባት ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ እንደነበር፣ አሁን በሕይወት እንደሌሉ ነገረችኝ። ደብተርና እስክሪብቶ አውጥታ፣ «ያችን የሰዓቷን ስንኝ እንደገና በልልኝ፤ ልጻፋት» አለች።

በሕይወቴ ስለ ሆዴ ያልሆነ ግጥም ስለመን የመጀመሪያዬ ነው። አፌን ከፈትኩ። አዘጋጁ ከጎኔ ደርሶ፣ በደስታ ጡጫ የሚያህል የምስር ወጥ ጉርሻ አጎረሰኝ።

ጠብቂኝ ለማለት እጄን አነሳሁላት። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ቀስ ብለህ አኝክ፤ ዛሬ ክፍል የለኝም» አለችኝ።

አኘክሁ። እንደዚያ የረዘመብኝ ጉርሻ አላውቅም።