አባባ ይመር እሳቱን ያስወጡበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነበር፤ እናቴ፣ ሁለት ወንድሞቼ፣ እኔና የእናቴ አባት አባባ ይመር። ያኔ የደርግ ዘመን ነው። በሰዓት እላፊው ምክንያት ማታ ማንም ከቤት ስለማይወጣ፣ አባባ መግሪብ ሰግደው ሲያበቁ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ይሉና ተረት ይነግሩናል። የባሕር ዛፉ እንጨት ይንጣጣል፣ ጭሱ ጣራው ሥር ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ወደኛ ይወርዳል፣ እሳቸውም ጅቡን በጅብ ድምፅ ያናግሩታል።

እኔ ግን አስም ስለነበረብኝ ተረቱን እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም። ደረቴ ሲታፈን እናቴ አቅፋ ጓዳ ታስገባኛለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ የወንድሞቼን ሳቅ እሰማለሁ እንጂ ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም። ሰፈር ውስጥ ጉንፋን ሲገባም ሌላው ልጅ አስነጥሶ ሲተወው፣ እኔ የሳምባ ምች ይዞኝ ሐኪም ቤት እተኛለሁ።

አንድ ክረምት በጣም ባሰብኝ። ሐኪሙ እናቴንና አባባን አስቀምጦ፣ «ሰውነታችን በሽታ የሚከላከልበት የራሱ አቅም አለው» አላቸው። «የዚህች ልጅ ደረት ግን ሁልጊዜ እንደተቆጣ ስለሆነ ያ አቅሟ እረፍት አያገኝም። ጭስ ሲጨመርበት ጭራሽ ይዳከማል፤ ጉንፋኑም ቶሎ ወደ ሳምባዋ ይወርዳል።»

አባባ የዚያኑ ዕለት ማታ፣ «እሳቱን ከዚህ አውጡት፤ ወጡም ደጅ ይሠራ» አሉ።

የደሴን ሐምሌ ያለ እሳት የኖረበት ያውቀዋል። ወንድሞቼ ጥቂት ታገሡና ብርድ ልብሳቸው ውስጥ ገቡ። እኔና አባባ ብቻ ቀረን።

«ለኔ ብቻ ነው የሚነግሩኝ?» አልኳቸው።

«አንቺስ ሰው አይደለሽም እንዴ? ነይ፣ ጋቢው ውስጥ ግቢ።»

ጅቡና ቀበሮዋ መጨረሻቸው ምን እንደሆነ የሰማሁት ያኔ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ በሐሳቤ ሁልጊዜ ጅቡን እገድለው ነበር፤ ለካ ይታረቃሉ። ወንድሞቼም ውለው አድረው ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ተመልሰው መጡ።

አስሙ ባይለቀኝም ከዚያ ወዲያ ጉንፋን እንደ በፊቱ አይጥለኝም ነበር። በኋላ አየሩ ሞቅ ስለሚል ይሻላታል ተብሎ ኮምቦልቻ፣ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ፤ እያደግሁ ስሄድም ደረቴ ቀለለኝ። አባባ ያረፉት እኔ እዚያ ሳለሁ ነው።

ለሰደቃቸው ደሴ ስመጣ እናቴ፣ «አባባ ቁርጥማት እንደነበረባቸው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ምድጃው ዳር የሚቀመጡት ጉልበታቸውን ለማሞቅ ኖሯል። እሳቱ ከወጣ በኋላ ሌሊት ሲያቃስቱ የምትሰማቸው እሷ ብቻ ነበረች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በአላህ አስምለውኝ!»

ዛሬ ከተረቶቹ ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። ጋቢው ውስጥ ሆኜ ስሰማቸው ግን ራሴን የማሳርፈው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ አንድም ቀን ፈቀቅ በይ አላሉኝም።