አልቅት የቆጠርንበት ምንጭ

ሦስተኛውን ምንጭ የመረጥኩት ለምሳ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን አሳፍሮኝ እዋሻለሁ። የእናቴ ቤት ከምንጩ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነበረች። ጥናቱ ሦስት ጊዜ መመላለስ ስለሚጠይቅ ሦስት ጊዜ የእናቴን ሽሮ እበላለሁ ብዬ አሰብኩ። መዘዙን ሁሉ የጎተተው ይኸው ሆዴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን ከጦሩ ጋር አንድ የከብት ሐኪም መጥቶ ነበር። ዶቶሬ እንለዋለን። አሥመራ ብዙ ዘመን ስለኖረ ትግርኛ የተቀላቀለበት አማርኛ ይናገራል። የጦሩ በቅሎዎች ውሃ በጠጡ ቁጥር አልቅት በአፍንጫቸው እየገባ ደም ሲያነጥሱ ጊዜ፣ ፊደል የቆጠርን ጥቂት ልጆች ሰብስቦ ቁስል ማጠብና የታመመ ከብት መያዝ ያስተምረን ጀመር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወድጄ አልገባሁም። ታላቅ ወንድሜ ዱር ቤቴ ካለ ዓመት አልፎታል፤ እናቴ ደግሞ አንዱ ልጄ ዱር ከገባ ሌላው ጣሊያን ደጅ ካልታየ ቤቴን ያቃጥሉብኛል ብላ ላከችኝ። ስለ ወንድሜ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ተኝቼ እንኳ ስሙን እንዳልጠራ እሰጋ ነበር።

አንድ ቀን ዶቶሬ ሁለት ሁለት አድርጎ መደበን። ለአንዱ ጥንድ መዥገር፣ ለአንዱ ዝንብ፣ ለእኛ አልቅት ደረሰን። የት ይበዛል፣ የት ይጠፋል፣ ለምን? ዘዴውን ራሳችሁ አውጡ፤ ወጥታችሁ እዩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆማችሁ ታስረዱኛላችሁ አለን።

ጓደኛዬ ከዲማ የመጣ የቅኔ ተማሪ ነበር። ጦርነቱ ጉባኤውን ሲበትነው ከተማ ገብቶ ነው እኛ ጋ የደረሰው። የሰማውን ቃል ሳያጎድል ሳይጨምር ይመልሳል፤ አንዲት ቃል መዝለል ለእሱ ሰው ከመስረቅ አያንስም። እኔ መሪጌታ እያልኩ አሾፍበታለሁ። አይቆጣም፣ አይስቅም።

ዘዴውን ያወጣነው አብረን ነው። ቅባት ያልተፋቀለት የበግ ቆዳ እንደ ጠፍር ቆርጠን በገመድ ውሃው ውስጥ እናንጠለጥላለን፤ በዱላ ውሃውን እናማስላለን፤ ከዚያ ቆዳውን አውጥተን የተጣበቀውን አልቅት እንቆጥራለን። ግን ስንት ጊዜ ይቆይ? ሰዓት የለን። ጓደኛዬ የዘወትር ጸሎቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይድገም፣ ሲጨርስ እናውጣ አልን። እሱ ጸሎት አያጣድፍም፤ ዛሬም ነገም እኩል ነው የሚፈጀው። ዶቶሬ ይህን ሲሰማ እጁን አጨብጭቦ ደስ አለው።

ሦስት ውሃ መረጥን። አንደኛው ከከተማው በታች ከብት የሚጠጣበት ረግረግ፣ ሁለተኛው በደምበጫ መንገድ ያለው ምንጭ፣ ሦስተኛው የእኛ። በመጀመሪያው ቆጠራ ረግረጉ ውስጥ ቆዳው እስኪጠቁር ድረስ አልቅት ወረሰው። ሁለተኛው ላይ ጥቂት አገኘን። በእናቴ ምንጭ ላይ ግን አንድም የለ። ውሃው ከድንጋይ ሥር ኩልል እያለ ይወጣና ሳይቆም ይወርዳል። እናቴ ሽሮዋን አቀረበችልን፤ ጓደኛዬም ምርቃቱን አዥጎደጎደላት። ሆዴ ሞልቶ፣ እየዘፈንኩ ነው የተመለስኩት።

ማግስቱን ለዶቶሬ ነገርነው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «ጎበዝ። ሌሎቹም ቆጠራዎች እንዲህ ከሆኑ በሚመጣው ወር የበቅሎው ጦር የሚሰፍረው እዚያ ነው፤ ድንኳኑም፣ ወታደሩም» አለ።

ክው አልኩ። ለምን እንደምንቆጥር እስከዚያች ደቂቃ አስቤው አላውቅም ነበር፤ የተማርኩ መስሎኝ እንደ ቂል ደስ ብሎኝ ስንከራተት ነበር። ወንድሜ ስንቅ የሚቀበለው ከዚያች ቤት ነው። ጦር በሰፈረበት ሁሉ ቤት ለቤት ይፈተሻል፤ ልጇ ዱር የገባ እናት ምን እንደሚደርስባት አይቼአለሁ። በማየው ጢስ ሁሉ የእኛ ቤት የተቃጠለ እየመሰለኝ እህል አልወርድ አለኝ።

ጓደኛዬን ለመንኩት። ሦስተኛው ምንጭ አልቅት አለው እንበል አልኩት።

«አየህ እንዴ?» አለኝ።

«አላየሁም።»

«ያላየሁትን እንዴት ልናገር? ምክንያትህ ምንድነው?»

ምክንያቱን ብነግረው ወንድሜን ነገርኩት ማለት ነው። ቢጠይቁት ደግሞ አይዋሽም። የቆዳውን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። እሱም ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ያን ጊዜ እንዴት እንደ ጠላሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንግዲያው ካላየ የማይናገር ከሆነ አሳየዋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ረግረጉ ገብቼ ቆዳ አንጠለጠልኩ፤ ሲዘገይብኝ ባቴን ገልጬ ቆምኩ። ያገኘሁትን አልቅት ሁሉ በሰፊ ቅል ውሃ ውስጥ ከትቼ አፉን በቅጠል ወተፍኩ። እሑድ ማለዳ፣ አገሩ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ወደ እናቴ መንደር ወረድኩ። ሰው የሚጠጣው ውሃ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ቢያዝ ዳኛ የሚጠብቅለት የለም፤ መርዝ ጨመረ ብለው እዚያው ይቀጠቅጡታል። ጣሊያን ቢይዘኝ ይገድለኛል፣ የእኔዎቹ ቢይዙኝም ይገድሉኛል።

መታጠፊያው ላይ ወደ ቤተክርስቲያን ያረፈደ ሽማግሌ ገጠመኝ። የሰፈራችን ሰው ነው፣ ያውቀኛል።

«ጠላ ነው የያዝከው? ለእናትህ ነው? እስቲ አቅምሰኝ» አለና እጁን ወደ ቅሉ ዘረጋ።

«አይ አባባ፣ ለበሬ ቁስል የሚሆን መድኃኒት ነው፤ እጅዎን ይልጠዋል» አልኩት።

እጁን ቶሎ ሰበሰበ። «እናንተ ደግሞ ከጣሊያን ይህንን ተማራችሁ» ብሎ እየሳቀ ሄደ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ምንጩ ጋ ደርሼ መውረጃውን በሣርና በጭቃ ደፈንኩት፤ ውሃው ተኛ። ከረግረጉ ያመጣሁትን ቄጠማ ከነሥሩ ዳር ዳሩን ተከልኩ። ከዚያ ቅሉን ገለበጥኩት። እየተጥመለመሉ ድንጋዩ ሥር ገቡ። የተጠመቅኩት በዚያ ውሃ ነው። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን የቅዳሴ መውጫ እየደረሰ ስለነበር ሮጥኩ።

ሰኞ ከጓደኛዬ ጋር ሁለተኛውን ቆጠራ አደረግን። ቆዳውን አንጠለጠለና ጸሎቱን ጀመረ። አንድም ባይጣበቅስ? ውሃው ቀዝቅዞባቸው ሞተው ከሆነስ? ጸሎቱ ማለቂያ አልነበረውም። እኔም ከልቤ የጸለይኩት ያን ጊዜ ነው፤ የእናቴ ውሃ እንዲበከል ጸለይኩ። ቆዳው ሲወጣ ሰባት አልቅት ተጣብቆበታል። ጓደኛዬ ቄጠማውን አየ፣ የተደፈነውን መውረጃ አየ፣ ወደ ባቴ ዝቅ ብሎ የተበሳሳውን ቆዳዬን አየ። «ሰባት» ብሎ ጻፈ። በሦስተኛውም ቆጠራ እንዲሁ ሞልቶ አገኘነው።

የምናስረዳበት ቀን ደርሶ በጋጣው ፊት ለፊት ቆምን። ሦስቱን ውሃዎች በከሰል ሣንቃ ላይ ስለናቸው ነበር። ከዶቶሬ አጠገብ የጦሩን መስፈሪያ የሚመርጠው ጣሊያናዊ ሻምበል ተቀምጧል፤ ዶቶሬ ይተረጉምለታል። ጓደኛዬ ጉባኤ ፊት እንደሚያዜም ሰው አንገቱን አቅንቶ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳ። ሦስተኛው ምንጭ ላይ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ምንም፣ ቀጥሎ ሰባት፣ ቀጥሎ ዘጠኝ አለ። አንዱንም አላስቀረም።

ሻምበሉ አንድ ነገር ተናገረ። «በአንድ ሳምንት ከየት መጣ ይላል» አለ ዶቶሬ።

«አላውቅም» አለ ጓደኛዬ።

ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ምንም ብዬ «የመንደራችን የታች ሰፈር ከብቶች ናቸው፤ ኩሬያቸው ሲደርቅባቸው ወደ ምንጩ ይወጣሉ። እነሱ በአፋቸው ያመጡት ይመስለኛል» አልኩ። ዶቶሬ ደስ ብሎት ጻፈው። ሻምበሉ ግን እኔን ማየቱን አልተወም።

«የአገርህ ሰዎች ናቸው? ማን አለህ እዚያ?»

«እናቴ ብቻ።»

«ወንድም?»

«የለኝም።»

ወንድሜን በአፌ ገደልኩት። ሻምበሉ ጣቱን ወደ ጓደኛዬ ቀሰረ። አንተ ለቆጠራ ስትመላለስ እዚያ ቤት ሳትበላ አልቀረህም፣ ስንት ልጅ አላት? ጓደኛዬ እናቴ «ልጆቼን ጠብቅልኝ» ብላ ስትጸልይ ሰምቷል። የእኔ ያልሆነ የወንድ ጋቢ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ አይቷል። የሚዋሽ ሰው አይደለም። አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔ ያየሁት ይህንኑ አንዱን ነው» አለ።

ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀና ከሣንቃው ላይ ሁለተኛውን ምንጭ በጣቱ መታው። ጦሩ በደምበጫ መንገድ ሰፈረ። በዚያ ምንጭ ዙሪያ እነማን ይኖሩ እንደነበር፣ ምን እንደደረሰባቸው ጠይቄ አላውቅም። ፈርቼ ነው፤ ዛሬም እፈራለሁ። ጓደኛዬም ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

ክረምቱ አልፎ በጋ ሲገባ እናቴ ወደ ዶቶሬ ግቢ መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ነጠላዋ ደም ነው። አልቅት ጉሮሮዋ ውስጥ ከገባ አራት ቀን ሆኖታል። ፊቷ ገርጥቷል፤ ስትናገር ድምፅዋ ይታፈናል። ዶቶሬ አልነበረም። በቅሎ በምናክምበት ጋጣ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ አልቅቱ እንዲለቃት የትንባሆ ውሃ አጉመጥምጬ፣ አንገቷን ደግፌ አፏን ከፈትኩ። ሁለቴ ከጣቴ ሙልጭ ብሎ አመለጠኝ። በሦስተኛው ይዤ ሳብኩት፤ የጣቴን ያህል ሆኖ ወጣ።

ተፋችና አፏን ጠርጋ ጉንጬን ሳመችኝ። «አንተን ያስተማረልኝ ጌታ ይመስገን፤ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጎረቤቶቼም እየደሙ ነው። ተምረሃልና እስቲ ንገረኝ፣ ያ የመሰለ ውሃ ምን አገኘው? ከየት መጣብን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ንገራት፣ ንገራት አለኝ ልቤ። በሩ ላይ ግን ዘበኛ ቆሞ ነበር፤ አማርኛ ይሰማል።

«የታች ሰፈር ከብት ያመጣው ይሆናል» አልኳት።

«ጠርጥሬ ነበር!» አለች እናቴ፣ ዓይኗ ፈጦ። በዚያው ሳምንት የእኛ የላይ ሰፈር ሰዎች ምንጩን በእሾህ አጠሩት፤ የታችኞቹን ከብት በዱላ መለሱ። በታች ሰፈር የእናቴ የክርስትና ልጅ ነበረች፤ ውሃ ልትቀዳ ብትመጣ እናቴ ራሷ እንስራዋን ሰበረችባት። ጣሊያን ወጣ፣ ወንድሜ ከዱር ገባ፣ ዘመኑ ተለወጠ፤ እናቴ ግን ያቺን ልጅ ሳታናግራት ሞተች። ስትቀበር ልጅቷ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ስታለቅስ አየኋት። ሄጄ እውነቱን ልነግራት ብዬ ተነሳሁ፤ ሰው ይሰማኛል ብዬ ፈራሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ።