ከበርሜል የቀዳሁት ዘምዘም

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ የምታመጪልኝ እኔ ደስ እንዲለኝ አይደለም፤ እንዳመሰግንሽ ነው።»

ይህን ፊት ለፊት የነገረችኝ የአባቴ እህት ሩቅያ ናት። እኔ በሶማልኛው እዶ እላታለሁ። ድሬዳዋ ሃያ ዓመት ኖራ ወደ ሀርጌሳ ስትመለስ እኔን ይዛኝ መጣች፤ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን። የምናወራው በአማርኛ ነው፤ ስትሰድበኝም ጎረቤት እንዳይገባው በአማርኛ ነው። ከዚያ ቃሏ በኋላ ያደረግኩትን ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው አልተነፈስኩም። ለጓደኛ አልነገርኩም፣ እናቴ ስትደውል አልነገርኩም፤ ሰላት ላይ፣ በሱጁድ ግንባሬን መሬት አስነክቼ እንኳ ሌላ ሌላውን እየቀባጠርኩ አልፌዋለሁ።

እዶ ስጦታ አይሆንላትም። ሻሽ ገዛሁላት፤ ባለሱቁ ዘንድ ወስዳ በስኳር ለወጠችው። ፔርሙስ ገዛሁላት፤ «የድሮው እስከ ቀትር፣ እስከ ዙህር ሰላት ያሞቃል፣ ከዙህር በኋላ ሻይ ማን ይጠጣል?» ብላ ከነካርቶኑ መለሰችልኝ። ጫማ ስገዛላት ደግሞ «ስንት እግር ያለኝ መሰለሽ?» አለችኝ። ሳሙና ብሰጣት በክር አራት ቦታ ቆርጣ አንዷን ብቻ አወጣች። ያን ቃል የተናገረችኝ በዒድ ማለዳ ነው፤ ሁለት ቀን ገበያ ዞሬ የመረጥኩትን ቀሚስ እጥፋቱን እንኳ ሳትፈታ ጭኔ ላይ መልሳ አስቀምጣ።

አበድኩ። ያሳበደኝ እውነት መናገሯ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አላወቅኩም። ወይስ አውቄ ነበር? አውቄ ነበር።

የምሠራው አየር ማረፊያው አጠገብ ያለ ሻይ ቤት ውስጥ ነው፣ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። መካ ሄደው ከዑምራ የሚመለሱ ሰዎች ከተቀባዮቻቸው ጋር እዚያ አረፍ ይላሉ። ዒዱ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቤተሰብ ከመካ የመጣውን የዘምዘም፣ የተባረከውን ውሃ፣ ጀሪካን ከፍቶ ለሁሉም በሲኒ አደለና ባዶውን ጠረጴዛ ስር ትቶት ሄደ። ነጭ ነው፣ ትንሽ፣ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት። አነሳሁት። አጠብኩት። ጓዳ ካለው በርሜል፣ ቦቴ ካመጣው ውሃ፣ እስከ አንገቱ ሞላሁት። ክዳኑን በፕላስተር ጠቀለልኩት። «እስቲ ይህንን እምቢ በይኝ!» እያልኩ ነበር በልቤ።

እምቢ አላለችም። «ከዑምራ የመጡ ደንበኞች ሰጡኝ» ስላት በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ከዚያ ወደ ቂብላ ዞራ አለቀሰች። እዶ ሩቅያ አለቀሰች! ካወቅኋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሬን ሳመችኝና «ረቢ አንቺንም እዚያው ያድርስሽ» አለችኝ። እኔስ ምን ተሰማኝ? አፈርኩ ብል ደስ ባለኝ። ኋላ ነው ያፈርኩት። ያን ሰዓት ደስ ነበር ያለኝ፣ ኳስ እንዳገባ ሰው።

በሳምንት ጠጥታ ትጨርሰዋለች፣ ነገሩም ያልቃል ብዬ ነበር። ሳሙና በክር የምትቆርጥ ሴት መሆኗን ረሳሁት። በየጁምዓው አንድ ማንኪያ ትጠጣለች፣ ከዚያ በብዕር ጀሪካኑ ጎን ላይ ውሃው የደረሰበትን ታሰምራለች። «ሸይጣን ቢጎነጭ እንኳ አውቀዋለሁ» ትላለች። ጎኑ እንደ ማስመሪያ በመስመር ሞላ። በየንጋቱ ፈጅር ስትሰግድ ስሜን ጠርታ ዱዓ ታደርግልኛለች፤ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

ማስተካከል እችል ነበር። አንዲት ሐጃ እዚያው ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ እውነተኛ ዘምዘም ሰጥታኛለች። ጠብታው ከሌላ ውሃ ጋር ቢቀላቀል በረካው ይዳረሳል ይላሉ፤ ወደ ቤት ወስጄ ጀሪካኑ ውስጥ ልጨምረው አስቀመጥኩት። ያን ቀን ጠዋት ግን እዶ መብራት አላጠፋሽም ብላ ስትጨቀጭቀኝ ነው የወጣሁት። ሙቀቱም ነበር። ጠጣሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ጠማኝና ጠጣሁት።

ከዚህ የባሰ አለ። ኩልሱም የምትባል ጎረቤት ነበረችን፣ ከድሬዳዋ ጀምሮ የእዶ ጓደኛ። አምና አልጋ ላይ ዋለች፤ እንደማትነሳም ታወቀ። እዶ፣ ክብሪት የማታውሰዋ እዶ፣ ጀሪካኑን አውጥታ አንድ ሲኒ ሙሉ ቀዳች። የስንት ጁምዓ እንደሆነ አስቡት። ጉልበቷ ስለማይሄድላት «አንቺ አድርሺላት፣ አጅሩም ያንቺ ነው» አለችኝ። ወሰድኩት። መንገድ ላይ ልደፋው እችል ነበር። ተመልሼ ልናገር እችል ነበር። እኔ ግን ቁጭ ብዬ፣ በማንኪያ እያደረግኩ፣ በዚህ እጄ አፏ ውስጥ ጨመርኩት። ኩልሱም ዓይኗን ጨፍና «ጣዕሙ ልዩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ተቀበረች።

ከእናንተ አንዱ «የጠጡት በኒያቸው፣ በልባቸው ሐሳብ ነው፣ ይበቃቸዋል» ይለኝ ይሆናል። የእነሱ ኒያ የእነሱ ነው። የእኔ ኒያ ምን ነበር? አቅልሉልኝ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ።

ዘንድሮ እዶ ራሷ ታመመች። ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷት ካለን በኋላ ጠራችኝና «የቀረውን ማንም እንዳይነካው። ሰዓቴ ሲደርስ ከንፈሬን የምታርሺልኝ አንቺ ነሽ፤ በሌላ ሰው እጅ አልፈልግም» አለችኝ። አራት ቀን ግቢና ቤት እየተመላለስኩ መቀመጥ አቃተኝ። በአምስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የአስርን ሰላት ሰግዳ ስትጨርስ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እዶ፣ ዘምዘም አይደለም። ከሻይ ቤት በርሜል የቀዳሁት ነው።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ለኩልሱም የሰጠሻትስ?»

«እሱም።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

ጀሪካኑን እንዳመጣላት በጣቷ ጠቆመችኝ። አመጣሁ። ጭኗ ላይ አድርጋ የብዕር መስመሮቹን ከላይ ጀምራ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው፤ አንዱንም አልዘለለችም። «አፉ በይኝ እዶ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ጀሪካኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«እንዳትደፊው» አለችኝ። «ውሃ ነው። ግቢ ያለው በርሜል ውስጥ ጨምሪውና ከፊቴ ጥፊ።»

ወደ ግቢ ወጣሁ። የበርሜሉን ክዳን አንስቼ ጀሪካኑን ዘቀዘቅኩት፤ ጠብታው እስኪያልቅ ያዝኩት። ባዶውን ግድግዳው ስር ደፍቼ አስቀመጥኩ። ጫማዬን አደረግኩ፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።