ካልመጣ ዘመን የመጣው ፋይል

ባለፈው ሳምንት ዋይፋይ ለአምስት ደቂቃ ቢቋረጥባት የእህቴ ልጅ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። «አምስት ደቂቃ እኮ ነው!» ብዬ ስቄባት ሳልጨርስ፣ ላሊበላ ሳለሁ ያሳለፍኩት አንድ ቀን ትዝ አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከደሴ የኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ ተመልሼ፣ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። የተቀጠርኩበት ማመልከቻና ደብዳቤ የሚጻፍበት አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ኮምፒውተሩም አንድ። በየፍላሹ የሚመጣው ቫይረስ ቢያስመርረኝ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩበት። ቫይረሱ ጠፋ፤ ኢንተርኔቱም አብሮ ጠፋ። ኢንተርኔት የምትቀበልልን አውራ ጣት የምታክል የዋየርለስ ዩኤስቢ ከአዲሱ ሲስተም ጋር የሚያግባባት ድራይቨር አልነበራትም። ደሴ ያለች ጓደኛዬ ድራይቨሩን በፍላሽ ልካልኝ ነበር። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ መርጌታ አምሳሉ ልጃቸውን እናትነሽን በበቅሎ ይዘው ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል መጡ። ልጅቷ የደጃችንን ሦስት ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ አረፈች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ልቧን ነበር የሚያማት። አዲስ አበባ የገቡ የውጭ ሐኪሞች ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ የልብ ሕሙማንን በነፃ ሊያክሙ ይመዘግባሉ፤ ቅጹ በኢሜይል መድረስ ያለበት በዚያው ቀን ነው።

መርጌታ እየነገሩኝ ቅጹን በእንግሊዝኛ ሞላሁት። መላኩ ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ዋየርለስ ያጋራን የነበረው የኢንተርኔት ቤት መስመር ከተቆረጠ ሰንብቷል። ወልድያ እንዳይኬድ መኪናው በጠዋት ወጥቷል። ጎረቤታችን ያለው ሆቴል ላፕቶፕ ይዘው ለሚመጡ እንግዶቹ ዋየርለስ ነበረው፤ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ አዝና የይለፍ ቃሉን ሰጠችኝ። የቀረው የእኔ ድራይቨር ብቻ ነው። መብራት ደግሞ በፈረቃ ነበርና አሥር ሰዓት ላይ ይጠፋል።

ድራይቨሩ እዚያው ማሽኑ ላይ ተሠርቶ ነው የሚጫነው። ፍላሹን ከመሳቢያው አውጥቼ ሰካሁና ትእዛዙን ጻፍኩ፤ ስክሪኑ ላይ ባለው ጥቁር መስኮት ጽሑፍ ይወርድ ጀመር፤ ደረስኩ ስል ከመጀመሪያው ይነሣል። አጠፋሁ፣ አስነሣሁ፣ ዩኤስቢዋን ነቅዬ በሌላ ቀዳዳ ሰካኋት። ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ዘጠኝም አለፈ። መርጌታ የገብስ ቂጣ እየቆረሱ ለልጃቸው ይሰጣሉ፤ እሳቸው የጾም መፍቻቸው ሰዓት ቢደርስም አልቀመሱም። እናትነሽ በተነፈሰች ቁጥር ድምፁ እስከ ወንበሬ ይሰማኝ ነበር።

«ልጀ፣ ምን እያለሽ ነው?» አሉኝ መርጌታ።

«ምንም አይደል መርጌታ፣ ይቀባጥራል።»

«መቀባጠሩን ባማርኛ ንገሪኛ።»

ልገላገላቸው ብዬ ተረጎምኩላቸው። «ፋይሉ ገና ካልመጣ ዘመን የመጣ ነው ይላል።»

«ዘመኑ ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ አሥራ አንድ።»

«ማሽኑስ ስንት ላይ ነኝ አለ?»

«ሁለት ሺህ ሦስት።»

መርጌታ ባሕረ ሐሳብ አስተማሪ ናቸው፤ አጽዋማትንና በዓላትን በጣታቸው አንጓ ቆጥረው የሚያወጡ ሰው። ለዚህኛው ጣታቸውንም አላነሡ። «ስምንት ነው። ይኸማ የኛና የፈረንጅ ልዩነት! ለዚህ ማሽን የኛን ዓመተ ምሕረት ማን ነገረው?»

ክው አልኩ። እኔው ነኝ። ባለጉዳዩ ሁሉ ዓመተ ምሕረቱን ከስክሪኑ ጥግ እያየ ማመልከቻው ላይ ስለሚገለብጥ፣ ይመቻቸው ብዬ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አድርጌው ነበር።

ዓመቱን ወደ ፈረንጁ መለስኩና እንደገና አዘዝኩት። በጥቂት ደቂቃ ተጠናቀቀ፤ የዩኤስቢዋም አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው። ቅጹን አያይዤ ልልክ ስል ዓይኔ የትውልድ ዘመን የሚለው ላይ አረፈ። መርጌታ እንደነገሩኝ 1991 ብዬ ጽፌዋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር። ሐኪሞቹ በራሳቸው አቆጣጠር ሲያሰሉት የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ የሃያ ዓመት ሴት ትሆናለች፤ ያለ ጥያቄም ትሰረዛለች። ትንፍሽ ሳልል 1999 አድርጌ ላክሁት። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ጠፋ። መርጌታ ተነሥተው ሁለቱንም እጆቼን ያዙና መረቁኝ።

እናትነሽ በዚያው ክረምት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ በገና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ስንወጣ ቀድማኝ ነው የምትደርሰው። መርጌታም ሸምግለዋል፤ በየበዓሉ እየደወሉ «ልጀን ያተረፈ እጅሽ ይባረክ» ይሉኛል። ያቺ ዩኤስቢ ጠዋቱን ሠርታልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ይኸው የሚመርቁት እጅ 1991ን እንዳለ ልኮ ልጃቸውን ከዝርዝር ያስወጣት እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ ፈራሁ። አሜን ከማለቴ በፊት ትንሽ ስለምቆይ፣ መስመሩ የተቋረጠ እየመሰላቸው «ሄሎ፣ ልጀ፣ አለሽ?» ይሉኛል።