ኮይሉን አልነገርኩትም

እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሰሩን በገዛ መኪናዬ ነው። አሮጌ ታክሲ ነበረችኝ፤ መካኒሳ ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆማ አገኟት። የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ቁልፉን ከእጄ ተቀበለና «ከዛሬ ጀምሮ የአብዮቱ ናት» አለኝ። ከዚያ እኔው ቆዳ ባለበስኩት የኋላ ወንበር ላይ ሁለታችንን አጣብቀው ወሰዱን።

እስር ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ የነቀዘ ማሽላና የላብ ሽታ አብሮ ይሸታል። የምንተኛው በጎናችን ተጠጋግተን ነው፤ አንዱ መገላበጥ ካማረው ሁሉም አብሮ ይገላበጣል።

ወንድሜ ተማሪ ነበር። አንድ ጠዋት ጠባቂ ስሙን ጠርቶ አወጣው። በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁት፤ በእኔ ታክሲ፣ በሁለት ጠመንጃ መሃል ተቀምጧል። የሞተሯን ድምፅ ስለማውቀው እስክትርቅ ድረስ ተከተልኳት። ከምሳ በፊት ስትመለስም ሰማኋት። ወንድሜ አልነበረባትም። አዛዡ ወርዶ እጁን ታጠበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሰው በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደገደልኩት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ሌሎቹ ሲጸልዩ ለመፈታት ይለምናሉ፤ እኔ የምለምነው ሌላ ነበር።

ጠባቂዎቹ ታክሲዋን ግቢው መሃል አቁመው ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ያዳምጡባት ነበር። ሬዲዮው የሚሠራው የሞተሩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ነው፤ እንደዚያ አድርጌ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሞተር ሳይነሳ ቁልፉ ተከፍቶ ከዋለ ደግሞ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚልከው ኮይል ይግላል፤ እያደር ውስጡ ይቃጠላል። እኛ ታክሲ ነጂዎች ይህን ስለምናውቅ ቁልፍ ከፍተን ሬዲዮ አንሰማም። እነሱ ግን መንዳት እንጂ መኪና አያውቁም። የሰልፍ ሙዚቃው በጮኸ ቁጥር እኔ ቆርቆሮው ሥር ተቀምጬ «ጎሽ፣ አዳምጡ!» እላለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ አዛዡ ራሱ መጥቶ በሩን አስከፈተ።

«ያ የታክሲው ሰውዬ የታለ? ና ውጣ!»

ወጣሁ። መኪናዋ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች።

«ጠዋት ጥሩ አድርጋ ትነሳለች። ትንሽ ከሄደች በኋላ ቀጥ ትልብኛለች። አሁንም ገፍተን ነው ያመጣናት። ቶሎ በል!» አለኝ። ይህን ሲል ወደ ግቢው በር ገልመጥ ገልመጥ ይላል። ለምን እንደቸኮለ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ቀዝቅዛ የምትነሳ፣ ስትሞቅ የምትቆም መኪና ሕመሟን ራሷ ተናግራለች። ቢሆንም ወጉን አደረስኩ። የካንዴላውን ሽቦ ነቅዬ ወደ ሞተሩ ብረት አስጠጋሁና ጠባቂው ቁልፉን እንዲያዞር ነገርኩት። ሰማያዊ ሆኖ ቷ እያለ መዝለል የነበረበት እሳት ቢጫና ልፍስፍስ ሆኖ ወጣ። ኮይሉን ነካሁት፤ ጣቴን ለበለበኝ። በቃ፣ ኮይሉ ነው። መርካቶ ሰው ልኮ ሌላ ማስገዛትና በካቻቢቴ ፈትቶ መቀየር ብቻ ነበር።

ቀና ብዬ አየሁት።

«ጓድ፣ ወንድሜን የወሰዳችሁት በዚች መኪና ነው። የት አደረሳችሁት? እናታችን እንኳ ትወቅ።»

«ስለ ሞተር ጠየቅኩህ እንጂ ስለ ወንድምህ ጠየቅኩህ?»

ቢነግረኝ ኖሮ ኮይሉን እነግረው ነበር። እውነቴን ነው።

«ቤንዚኑ ቆሻሻ አለበት። ካርቡራተሩን ዘግቶታል» አልኩት።

ካርቡራተሩን ፈታሁት። ንጹሕ ነበር። አጠብኩት፣ በአፌ ነፋሁት፣ ጠራረግኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። አልቸኮልኩም፤ ያን ሁሉ ጊዜ የምጠብቀው ኮይሉ እስኪቀዘቅዝ ነው። አዛዡ ከጎኔ ቆሞ እጄን ይከታተላል። «እንደገና ከቆመችብዎት እዚች ጋ በደንብ ይንፉት» ብዬ ቀዳዳውን አሳየሁት። ቁልፉን ሲያዞር በአንዴ ተነሳች። ግቢውን ዞረባትና ወርዶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። እጁ ያረፈበት ቦታ ሲቆጠቁጠኝ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ታመሰ። ከበላይ የተላኩ ወታደሮች አዛዡን ሊይዙ መጡ። ከራሱ ሰዎች ጋር ተጣልቶ ኖሯል፤ በዚያ ዘመን አሳሪው ታሳሪ ለመሆን ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም ነበር። እሱ ግን ቀድሞ ነቅቶ በእኔ ታክሲ፣ በጅማ መንገድ ሸሽቷል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አመጡት። የደረሱበት ለቡ ሜዳ ላይ ነው። መኪናዋ ቆማበት፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ ሲነፋ አገኙት። ወታደሮቹ ይህን እያወሩ ሲሳሳቁ በበሩ ስንጥቅ ሰማን። ገፍትረው እኛ ዘንድ ሲያስገቡት አፉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አጠገቡ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ።

«ኮይሉ ነው። ጠዋት ነክቼው አውቄ ነበር» አልኩት።

አፍጥጦ አየኝ። ሲገባው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወንድሜን የት ጣልከው?»

«የትኛው ነው ወንድምህ?» አለኝ።

ሊያላግጥብኝ ፈልጎ አልነበረም። በእርግጥ አያውቀውም። ይህን ሳውቅ ያ የጠጣሁት ቅቤ ሁሉ መረረኝ።

በክፍላችን ወግ ከየቤቱ የመጣ ስንቅ ባንድ ላይ ይቀርባል፤ ጠያቂ የሌለው እስረኛም ጦሙን አይውልም። በማግስቱ ለአዛዡ ማንም አልመጣለትም። ምሳ ሲቀርብ የክፍሉ አለቃ፣ አንድ የቆዳ ነጋዴ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ሰብስበው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሁላችንንም በድሎናል፤ ያንተ ግን ይብሳል። ይብላ ካልክ ይበላል። አይብላ ካልክም ማንም አይፈርድብህም።»

ማስራብ ቀላል ነበር። ግን ቢራብ የሚያስበው ስለ ሆዱ እንጂ ስለ ወንድሜ አይደለም።

«ይብላ» አልኩ። «ግን እጁን ከመስደዱ በፊት፣ በበላ ቁጥር፣ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ይጥራ።»

ተነስቼ ቆምኩና ስሙን ነገርኩት። ወጡ እየቀዘቀዘ ነው፤ አንድም ሰው አልቆረሰም። በመጨረሻ በለሆሳስ ጠራው።

«አልተሰማም።»

ጮክ ብሎ ደገመው። ያኔ ሽማግሌው ቆርሰው ሰጡት።

ወደ ሌላ እስር ቤት እስኪወስዱት ድረስ ቁርስም ምሳም እራትም እንደዚያው ነበር። ወንድሜን የት እንዳደረሰው ግን አልተናገረም፤ እናቴም ሳታውቅ አረፈች።

ዛሬ ሰዎች ይቅር በል ይሉኛል፤ የነፍስ አባቴም ጭምር። መዋሸት ስለማልፈልግ «ይቅር ብያለሁ» አልላቸውም። ሰውየው በሕይወት ወጥቶ አገሩ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ። ዕድሜ ይስጠው። ወንድሜን የሚያውቁት ሁሉ አልቀዋል፤ ስሙን ከነአባቱ በቃሉ የያዘ ከእኔ ሌላ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ልጆቹ ከበውት፣ ማዕድ ቀርቦ፣ እጁን ሊሰድ ሲል ያ ስም አፉ ላይ ይምጣበት። የምጸልየው ይህንኑ ነው።